«ዘረኛ ነህ» ለሚለው ቃል የሚሰጥ መልስ



ነጮች «ዘረኞች ናችሁ» ሲባሉ ምን ብለው ይመልሳሉ? የሚለው የዛሬው ርእሳችን ከመሐንዲስ ሙያ የራቀ ይመስላል። ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግን የጉድለት ሪፖርት የደረሰው ሰው ሪፖርቱን እንዴት ይቀበለዋል? ከሚለው ከእኛው የዕለት ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤፕሪል 22 ቀን 1993 ስቲቨን ሎረንስ የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ተማሪ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን አውቶቡስ ሲጠብቅ በነጭ ወጣቶች በጩቤ ተወግቶ ሞተ። የፖሊሱ ምርመራ እጅግ የተበላሸ ስለ ነበረ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ አቋቋመ። ሰር ዊልያም ማክፈርሰን የመሩት ይኸው ጉባኤ በ1999 ባወጣው ሪፖርት የለንደን ፖሊስ «ተቋማዊ ዘረኝነት» እንዳለበት ገለጠ። ይህም ማለት እያንዳንዱ ፖሊስ በልቡ ጥላቻ ይዟል ማለት ሳይሆን፣ ድርጅቱ በአሠራሩ፣ በልማዱና ሳያስተውል በሚይዘው ግምት ለጥቁሮች ተገቢውን አገልግሎት ሳይሰጥ ቀርቷል ማለት ነበር።

የፖሊሱ የበላይ አዛዥ ሰር ፖል ኮንደን ግን በ1998 በጉባኤው ፊት ቀርበው ቃሉን አልተቀበሉም፤ ሕዝቡ ሆን ተብሎ የተፈጸመ በደል አድርጎ ይረዳዋል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ተቀበሉት። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ ያካሄዱት ምርመራ ያንኑ ጉድለት እንደገና አገኘ። አዛዡ ሰር ማርክ ሮውሊም ግኝቱን ተቀብለው፣ «ተቋማዊ» የሚለው ቃል ግን አሻሚና ፖለቲካ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ አልጠቀምበትም አሉ። ጉድለቱን ተቀብሎ ስሙን መሸሽ ይሏል ይህ ነው።

በግለሰብም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይለይም። አንዱ «ልቤ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ሌላው ጥቁር ወዳጆቹን ይቆጥራል፤ ሌላው ተቆጥቶ ይወጣል ወይም ያለቅሳል። በዚህም መካከል የተበደለው ሰው ተረስቶ፣ የተከሰሰውን ማጽናናት የቤቱ ሥራ ይሆናል። ነጭ አሜሪካዊቷ ሮቢን ዲአንጄሎ በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጠባይ የነጮች ተሰባሪነት ብለውታል።

ተቺዎቻቸው ያነሡት ጥያቄም ቸል የሚባል አይደለም፤ መካድ ራሱ ማስረጃ ተደርጎ ከተቆጠረ፣ ንጹሕ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

እኔ እንደ መሐንዲስ የምሰጠው መልስ፣ ልብን ትተን ሥራውን እንለካ የሚል ነው። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ፣ የፊት ሥዕል አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች መረመሩ። ቆዳቸው ፈካ ያለ ወንዶች ላይ የታየው ስሕተት ቢበዛ በመቶ 0.8 ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ደረሰ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ጥቁር ይጥላ አይጥላ የጠየቀ አልነበረም፤ ቁጥሩ ብቻ ተነገረ። በ2019 በወጣው ዳግም ምርመራ ሦስቱም ኩባንያዎች ስሕተታቸውን በእጅጉ ቀንሰው ተገኙ። በዚያ ጊዜ አዲስ የተመረመረው አማዞን ግን የምርመራውን ዘዴ መቃወም መረጠ። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን ሰውን አያሳምንም፤ ሆኖም ክርክሩን ከንጽሕና ወደ ጥገና ይመልሰዋል። ድልድዩ ሲሰነጠቅ «ክፉ አላሰብሁም» የሚል መሐንዲስ፣ እውነቱን ቢሆንም እንኳ፣ ስንጥቁን አልደፈነም።

ክቡራንና ክቡራት፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ነጮችን ብቻ ነቅፈን ብንበተን አያምርብንም። በአገራችን ባርነት በ1942 በአዋጅ ተሽሯል፤ ነገር ግን በቆዳው ጥቁረት የተነሣ «ባሪያ» ተብሎ የሚሰደብ ወገን ዛሬም አለ። ይህ ሰው በደሉን ሲነግረን፣ «ለቀልድ ነው»፣ «እኛ ዘር አንለይም» የምንል ስንቶች ነን? ለንደን ላይ የተሰማው መልስ ይኸው አይደለምን? የማንም ልብ ንጹሕ መሆኑን ከመማል በፊት፣ ጉድለቱን የነገረንን ሰው እስከ መጨረሻ እናድምጠው፤ ከዚያም ወደ ጥገናው እንሂድ።