ፕሮግራሙ አልከፈት ሲል
(ለአጥቢያ ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



በጃቫ የተሠራ የመዝገብና የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ አጥቢያዎች ደጋግመው የሚያነሡልን ጥያቄ አንድ ነው፤ ትናንት ሲሠራ የዋለው ፕሮግራም ዛሬ ምልክቱን ቢጫኑት ዝም ይላል። ብዙዎች ወዲያው ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ሊጭኑት ይነሣሉ። ይህ እንዳይደረግ አጥብቀን እናሳስባለን። በአንዳንድ ፕሮግራሞች የመረጃው ፋይል የሚቀመጠው ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ፎልደሩ ሲሰረዝ የዓመታት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የዐሥራትና የስእለት ሒሳብ አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ አስቀድሞ ፎልደሩ እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገልበጥ።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ሲቀርብ ዓላማው አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይለወጥ እንዲሠራ ነበር። ይህም የሚሆነው በፕሮግራሙና በኮምፒዩተሩ መካከል አስተርጓሚ ስለሚቆም ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አልነሣ ሲል ብዙውን ጊዜ መመርመር ያለበት አስተርጓሚው ነው፤ አልተጫነ ይሆናል፣ አርጅቷል፣ ወይም ከፕሮግራሙ ጋር አይግባባም።

በዊንዶውስ ምልክቱን ስንጫን ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ጃቫደብሊው ይባላል፤ የጽሑፍ መስኮት ስለሌለው ስሕተቱን ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም። በመሆኑም ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በማክና በሊኑክስ ደግሞ ተርሚናልን ከፍቶ ወደ ፎልደሩ መግባት፣ ከዚያም በላቲን ፊደል ጃቫ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ጃር፣ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻም የፋይሉን ስም መጻፍ ነው። ያን ጊዜ መልእክቱ ይታያል። ትእዛዙ አይታወቅም ከተባለ ጃቫ አልተጫነም፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ያለበትን ቦታ አያውቀውም። የክላስ ፋይል ቨርዥን አይመጥንም የሚል ከሆነ ሁለት ቁጥሮች ይጠቀሳሉ፤ የመጀመሪያው ፕሮግራሙ የሚሻው፣ ሁለተኛው ያለው ጃቫ የሚችለው ነው። 52 ማለት ጃቫ 8፣ 55 ማለት ጃቫ 11፣ 61 ማለት ጃቫ 17 ነው።

አዲስ ጃቫ መጫን ግን ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። መስኮቶቻቸው በጃቫኤፍኤክስ የተሠሩ የቆዩ ፕሮግራሞች፣ ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ ከጃቫ ስለተለየ፣ በአዲሱ ላይ ላይነሡ ይችላሉ። ለእነርሱ ጃቫ 8ን መመለስ ይቀላል።

በዊንዶውስ ፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም የጃርን ፋይል የራሱ አድርጎ ሲወስድ ፕሮግራሙ በመነሣት ፈንታ እንደ ጥቅል ይከፈታል። ማክ አዘጋጁን ካላወቀ ይከለክላል፤ ፕሮግራሙ ከታመነ ሰው የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ በግላዊነትና ደኅንነት ቅንብር በኩል ይፈቀድለት። በሊኑክስ ሄድለስ የተባለው የጃቫ ጥቅል መስኮት ማሳየት ስለማይችል ሙሉው ጥቅል ይጫን።

አንድ ነገር እንጨምር። መስኮቱ ቢዘጋም ፕሮግራሙ ከጀርባ እየሠራ የመረጃ ቋቱን እንደ ቆለፈ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ሁለተኛው ሙከራ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ኮምፒዩተሩን በሥርዓት አጥፍቶ ማስነሣት ይበቃል። የቁልፉን ፋይል በእጅ መሰረዝ ግን፣ በተለይ ሌላ ኮምፒዩተር በዚያው መረጃ እየሠራ ከሆነ፣ መዝገቡን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተከፈተ የስሕተቱን የመጀመሪያ መስመሮች፣ የጃቫውን ቁጥርና የኮምፒዩተሩን ሥርዓት ጽፋችሁ ላኩልን፤ የመስኮቱን ፎቶ በስልክ አንሥቶ መላክም ይቻላል።