ማሳቅም ሥራ ነው



ዛሬ የምንነግራችሁ በዘፈንና በቀልድ እንጀራቸውን ስለበሉ ሰዎች ነው። «ማሳቅ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ በመጀመሪያ ታሪኩን እንስማ፤ በኋላ እንፈርዳለን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በቤትና በገበያ ይነጋገሩበት የነበረው ቋንቋ ይዲሽ ይባላል። ከጀርመንኛ ጋር ይዛመዳል፤ የሚጻፈው ግን በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ተምረናል የሚሉ ብዙ ሰዎች ይንቁት ነበር። «የተሰባበረ ቋንቋ ነው፤ ለቁም ነገር አይሆንም» ይሉ ነበር። ድሃው ግን የሚስቀውም የሚያለቅሰውም በዚሁ ቋንቋ ነበር።

በ1876 አብርሃም ጎልድፋደን የተባለ ገጣሚ በሩማንያ አገር፥ ያሽ በምትባል ከተማ፥ በመጠጥ ቤት የሚዘፍኑ ሰዎችን ይዞ በይዲሽ ቴአትር ማሳየት ጀመረ። ዘፈንና ቀልድ ስላለበት ሕዝቡ ወደደው። በ1883 ግን የሩሲያ መንግሥት በይዲሽ ቴአትር እንዳይታይ ከለከለ። ተዋናዮቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሎንዶንና ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ። በኒው ዮርክ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲደክም የሚውለው ስደተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ ቴአትር ይገባ ነበር።

ሞሊ ፒኮን በ1898 የተወለደችው በዚያች ከተማ ነው። እናቷ ለተዋናዮች ልብስ ትሰፋ ነበር። ሞሊ ገና በ5 ዓመቷ መድረክ ላይ ወጣች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ግን ትዘፍናለች፥ ትጨፍራለች፥ ትገለባበጣለች። የወንድ ልጅ ልብስ ለብሳ ስትጫወት ተመልካቹ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካ ስላደገች ይዲሽዋ የጠራ አልነበረም። ስለዚህ ባልዋ ያዕቆብ ካሊክ ወደ አውሮፓ ወሰዳት፤ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ ዘንድ አሻሻለች። አያችሁ? ታዋቂ ለመሆን የበቃችው ከተማረች በኋላ ነው።

በ1936 ፖላንድ ሄዳ አንድ የይዲሽ ሲኒማ ሠራች። እንደ ወንድ ለብሳ ከዘዋሪ ሙዚቀኞች ጋር የምትዞር ልጃገረድ ሆና ተጫወተች። ሲኒማው በከፊል የተነሣው ካዚሚየሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፥ የከተማዋ ሰዎችም በውስጡ ይታያሉ። ከ3 ዓመት በኋላ ጦርነት ተነሣ። የናዚ ጀርመን መንግሥት 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድ ፈጀ። ካለቁት የሚበዙት ይዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። የካዚሚየሽ አይሁድም ተግዘው አለቁ።

እንግዲህ ተመልካቹ ካለቀ ቀልደኛው ለማን ይቀልዳል?

ሞሊና ባልዋ በ1946 ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች ባሉበት የስደተኞች ሠፈር እየዞሩ ዘፈኑላቸው፤ አሳቁአቸውም።

ሺሞን ድዚጋንና እስራኤል ሹማኸር የሚባሉ ሁለት ቀልደኞችም ነበሩ። በፖላንድ፥ በሎድዝ ከተማ፥ በመንገድ በሚነገረው ይዲሽ እየቀለዱ ታወቁ። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሸሹ፤ እዚያም ታሰሩ። ወደ ፖላንድ ሲመለሱ በ1948 «ልጆቻችን» የተባለ ሲኒማ ሠሩ። በሲኒማው ውስጥ ሁለቱ ቀልደኞች የሕዝቡን መከራ በመድረክ ሲያሳዩ፥ ከመከራው የተረፉ ልጆች «እንዲህ አልነበረም» ብለው አይቀበሉትም። ቀልደኞቹም አይቆጡም። ልጆቹ ወደሚያድጉበት ቤት ሄደው የእነርሱን ታሪክ ያዳምጣሉ። አሳቂ ሰው አስቀድሞ አዳማጭ መሆን አለበት ማለት ነው።

በ1950 ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ ዕብራይስጥ እንዲስፋፋ ይፈለግ ስለነበር የይዲሽ ቴአትር በደንብ ይጨናነቅ ነበር። እነርሱ ግን በይዲሽ መቀለዳቸውን አልተዉም፤ ሰውም አዳራሹን ይሞላው ነበር። ሹማኸር በ1961 ሞተ። ድዚጋን በ1980 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ሙያ ኖረ። ሞሊ ፒኮን ያረፈችው በ1992 ነው።

አሁን እንፍረድ። እነዚህ ሰዎች የተናቀውን ቋንቋ ለመድረክ አበቁት። ያዘነውን ሰው በገዛ አፉ አናግረው አሳቁት። ሐዘኑን አላጠፉለትም፤ ብቻውን እንዳይሸከመው ግን ረዱት። እኛ ይህን ሥራ ነው እንላለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንብባችሁ ስትጨርሱ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።