በእግር ወደ ጁገል

(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ በፎቶግራፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አምስት የክበባችን አባሎች ወደ ሐረር ሄደን ነበር። በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የምታዩዋቸው ሃያ ሁለት ፎቶግራፎች የዚያ ጉዞ ፍሬዎች ናቸው። ያነሣናቸው ግን ከስድስት መቶ ይበልጡ ነበር። የቀሩት ለምን እንዳልተሰቀሉ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናልና ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል።

አስቀድመን ስለ ከተማው ጥቂት እንበል። ጁገል የሚባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ ነው። ጥንታውያኑ በሮች አምስት ሲሆኑ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና የጸሎት ቦታዎች እንዳሉ ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። ይህ ሁሉ ያለው 48 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ነው። አካሄዱን የሚያውቅ ሰው ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን ከአንድ መስጊድ አጠገብ ሦስት ጊዜ ተመልሰን ደርሰናል።

ጁገልን በመኪና ማየት አይቻልም። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ማሳለፍ፣ ሰላምታም መስጠት ግድ ነው። ለፎቶግራፍ አንሺም ትምህርት አለበት። በቀትር ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ በነጩ ግድግዳና በጥላው መካከል ያለውን ልዩነት ካሜራው አይችለውም። ማለዳ ከኤረር በር ተነሥቶ ወደ ውስጥ የገባ ግን ብርሃኑ ከኋላው እየተከተለ ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም ግድግዳ አንድ በአንድ ሲገልጥለት ያያል።

እኛ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አላወቅንም። ካሜራችንን ወድረን በሸዋ በር ገባን፤ ያገኘነውንም ሁሉ አነሣን። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርድ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አቀርቅረው ሲሠሩ አየንና ሳንጠይቅ ደጋግመን አነሣናቸው። እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡና ቀና ብለው፣

«ልጆች፣ ስንት ጊዜ አነሣችሁኝ?» አሉን።

«ስድስት ሰባት ጊዜ ይሆናል፣ አባባ» አልን።

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያላነሣኝ ሰው የለም። አንዲት ወረቀት እንኳ ወደዚህ ተመልሳ አታውቅም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡን ኖሮ ይቀለን ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ወደሚጠራው ቤት ገባን፤ በዚያ የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ይታያሉ። ራምቦ ግጥሙን ትቶ በንግድ ሥራ ወደ ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም. ነበር። ካሜራም ከአገሩ አስመጥቶ፣ በ1875 ዓ.ም. ራሱን ያነሣባቸውን ሥዕሎች ለቤተ ሰቡ ላከ። በአንዱ በሰገነት ላይ፣ በሌላው በቡና ተክል መካከል፣ በሌላው ደግሞ እጆቹን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ቆሟል። ሥዕሎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ሲልም ጽፎላቸዋል። ከተረፉት ጥቂት ሥዕሎች አንዱ በገበያ አደባባይ የተቀመጠ የቆዳ ከረጢት ሠሪ ነው። ያነሣውን ሰው ስም ዓለም ያውቀዋል። የተነሣው ሰው ግን ሙያው እንጂ ስሙ አልተጻፈለትም። የልብስ ሰፊው ቃል በዚህ ጊዜ ትዝ አለን።

ማታ በማረፊያችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው ጓደኛችን፣ «ራምቦ ሰውን ሁሉ እያስፈቀደ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አይተርፈንም ነበር፤ ሰው ካወቀብህ ደግሞ መልኩ ይለወጣል» አለ። ሌላይቱ፣ «እስቲ ዛሬ ያነሣነውን እንይ» አለች። ስናየው አብዛኛው የሰው ጀርባ፣ የተሸፈነ ፊትና ወደ እኛ የተዘረጋ መዳፍ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ በዚያው አበቃ ማለት አንችልም፤ አሁንም እንከራከርበታለን። ቢሆንም በማግሥቱ እስከ ቀትር ካሜራችንን ከቦርሳ ላለማውጣት ተስማማን።

ያ ግማሽ ቀን የጉዞአችን ዋነኛ ክፍል ሆነ። ከአንድ ሐረሪ ቤት ተጠርተን ገባን። ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለውን ነደባ የሚባለውን መቀመጫ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሳሕኖችና ስፌቶች አየን። ወለሉ ቀይ የሆነው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እንደሚባልም ሰማን። ካሜራ ፊታችን ላይ ቢሆን ኖሮ ቀዩን ቀለም እናነሣ ነበር እንጂ ነገሩን አንሰማም ነበር።

ከቀትር በኋላ እየጠየቅን አነሣን። እሺ ያሉን አሉ፤ አይሆንም ያሉንም አሉ። አንዲት ሴት፣ «ግድግዳውን አንሡ፤ እኔን ተዉኝ» አሉንና ተውናቸው። መልካቸው እስከ ዛሬ በዓይናችን አለ፤ በዚህ አዳራሽ ግን የለም፤ አይኖርምም።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት ሄደን አሳጥበን ወደ መኪና ግርግር ተመለስን። ልብስ ሰፊው ፎቶግራፋቸውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ገልብጠው ባዶውን ጀርባ አሳዩንና፣ «ስሜንስ?» አሉ። ነገሩን ጻፍነው፤ ቀኑንም ጨመርንበት። አሁን ከስፌት መኪናቸው በላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ቅጂ በፈቃዳቸው ከበሩ በስተቀኝ ተሰቅሏል።

እንግዲህ በግድግዳው ላይ ያሉት ሃያ ሁለቱ፣ ሰው ካለባቸው፣ ፈቃድ ያገኙና ቅጂያቸው ለባለቤቱ የደረሰ ናቸው። የቀሩትን ለማሳየት መብት የለንም።

ክበባችን በቅርቡ ወደ ጎንደር ለመሄድ አስቧል። ስለዚህ ሦስት ነገር ለማኅበሩ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንም አባል ሰውን ሳያስፈቅድ እንዳያነሣ። ሁለተኛ፣ ተነሺው ከፈቀደ ስሙና ቀኑ በፎቶግራፉ ጀርባ እንዲጻፍ። ሦስተኛ፣ ከጉዞው ገንዘብ ላይ የማሳጠቢያ ሒሳብ አስቀድሞ እንዲቀመጥ። ገንዘቡ ካልበቃ የሚሄደው ሰው ቁጥር ይቀነስ እንጂ ይህ ሒሳብ አይነካ። ብድር በምድር ነውና።

 የሚቃወመን ካለ ጥያቄውን ለመቀበል ዝግጁዎች ነን።