ቅናሹ ከደመወዝ ላይ ወይስ ከቀረጥ ላይ?

በእንግሊዝ አገር ሠራተኛ በአሠሪው በኩል የኤሌክትሪክ መኪና ሲከራይ፣ ኪራዩ ግብር ሳይሰላ አስቀድሞ ከደመወዙ ይነሳል፤ ግብሩም ይቀንስለታል። የእኛ ሕግ መንገዱ ሌላ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪ የሚሰጠውን የዓይነት ጥቅም ከመቀጠር እንደተገኘ ገቢ ይቆጥረዋል። ቅናሹ የተሰጠው መኪናው አገር ሲገባ ነው፤ ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተወ።

እንዲህ ያለ ማበረታቻ የሚደርሰው የመኪናውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ለሚችል ሰው ነው። በውጫሌ ከተማ በወር ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም ነርስ ከደጅ ይቀራል። አሠሪዎች መኪናውን ገዝተው በኪራይ ቢያቀርቡ፣ ሕጉም የኪራዩን ድርሻ ከግብር ቢቀንስ ጥቅሙ ለደመወዝተኛውም ይዳረስ ነበር። መንግሥት ገቢ ያጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል። በአምባሰል ወረዳ ኃይል መሙያ የታል ለሚልም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ከግል መኪና ይልቅ በመሥሪያ ቤት ግቢ ኃይል በሚሞላ የሠራተኞች ሰርቪስ መጀመር የሚሻለው። ማበረታቻዎች በመመሪያ ስለሚሻሻሉ፣ የመኪና ግዢ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የገቢዎች ጽሕፈት ቤትን ጠይቁ።