የአሮጌው ልብስ ስፌት መኪና ጥገናና አገልግሎት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በየከተማው በሱቅ በረንዳ ላይ በእግር እየተረገጠ የሚሠራው የልብስ ስፌት መኪና ዘወትር ከዐይን የማይጠፋ በመሆኑ፣ ሊጠበቅ የሚገባው አሮጌ ዕቃ ነው ብሎ የሚያስብለት እምብዛም አልነበረም። አሁን ግን አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዐይናቸውን ጥለውበታል። መፈለጉ መልካም ነው፤ አያያዙ ግን ያሳስባል። አንዳንዱ ሰብሳቢ የሚወደው ሐረግ መሳይ ጌጥ ያለውን የብረት እግሩን ብቻ ነው፤ እግሩ ለጠረጴዛነት ሲወሰድ የሚሰፋው ራሱ ከቁርጥራጭ ብረት ይደባለቃል። ምናለሽ ተራ የደረሰ ብረት ምድጃም ባልዲም ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ የስፌት መኪና ግን አይሆንም።

አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1851 ነው። ነገር ግን ኤልያስ ሃው ዐይኑ በጫፉ በኩል ያለ መርፌንና ከሥር የሚመላለስ መወርወሪያን አጣምሮ በ1846 አስቀድሞ አስመዝግቦ ስለ ነበር፣ ሲንጀር ከክርክር በኋላ ለሃው እንዲከፍል ተገዷል። (የሸማኔን ሥራ ያየ ሰው መወርወሪያው ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም።) መርፌው ወርዶ ጥቂት ከፍ ሲል ክሩ ቀለበት ይሠራል፤ የታችኛው ክር በዚያ ቀለበት ያልፍና ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። በመሆኑም የመኪናው ሕመም ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ወይ ከጊዜው አለመገጣጠም ወይ ከክሩ ውጥረት የሚመጣ ነው።

ሲንጀር ቁጥር 15 የተባለው ዓይነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ ቀጥሎም በቻይና እንደ ቢራቢሮ ባሉ ምልክቶች በብዛት ተቀድቷል። ስለዚህ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ታላቁ የሲንጀር ፋብሪካ በ1980 ቢዘጋም፣ የዚህ መኪና መርፌና ብዙው መለዋወጫ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ የቀደመው ቁጥር 12 ግን የሚፈልገው የራሱን መርፌ ነው፤ መርፌውም በቀላሉ አይገኝም። መኪናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

በጥገና ላይ ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ከስንፍና ሳይሆን ከትጋት ብዛት ነው። የምግብ ዘይት ፈሶበት የደረቀ መኪና አልንቀሳቀስ ቢል በጉልበት መጠምዘዝ አያስፈልግም፤ በጥቂት ላምባ እያራሱ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ፣ ከዚያም ቀጭን የመኪና ዘይት መስጠት ይበቃዋል። አልኮል ግን ወደ ጥቁሩ አካል መቅረብ የለበትም፤ የወርቅ ቀለሙን ጌጥ የሸፈነውን ሼላክ ያሟሟዋልና። አዲስ ቀለም መቀባትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በመለያ ቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል መኪናው የትና መቼ እንደ ተሠራ ስለሚናገር፣ ቁጥሩን በቀለም የደፈነ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን ቀደደ ማለት ነው። በልብስ ሰፊው ክንድ የለሰለሰውን የጠረጴዛ ጠርዝም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም።

መሐንዲሶች በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው የብሎኑ ጥርስ ነው። ሲንጀር የራሱን የጥርስ ልክ ይጠቀም ስለ ነበር፣ የጠፋውን ብሎን በገበያ በሚገኘው ሜትሪክ ብሎን አስገድዶ መተካት ቀዳዳውን ለዘለዓለም ያበላሸዋል። መኪና አዳሾች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ በወረቀት የሰፈረ ልክ ግን በአብዛኛው የላቸውም። የጥርስ መለኪያና ካሊፐር ያለው የማኅበሩ አባል በአንድ ከሰዓት በኋላ ለክቶ ንድፉን ቢሰጣቸው፣ ማንኛውም የቶርኖ ቤት ብሎኑን ሊያወጣው ይችላል።

«ከተሠራበት ያልቃል፤ ቢቀመጥ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ለጥልፍ ካባ ይስማማ ይሆናል፤ ለስፌት መኪና ግን አይስማማም። ቆሞ የሚኖር መኪና ዘይቱ ይደርቃል፣ ቺንጋው ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዘይት እያገኘ በልኩ የሚረገጥ መኪና ግን የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው።

የታደሰው መኪና መጀመሪያ ያለ ክር በወረቀት ላይ፣ ቀጥሎ በድርብ አቡጀዴ ላይ ይሞከራል። ክሩ ከጨርቁ ሥር ቢንጠለጠል ልምድ የሌለው ሰው የታችኛውን ሞላ ይነካካል፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚመረመረው ግን የላይኛው ክር ውጥረት ነው።