የሐመልቡርጉ መምህር ፓርላማ ሲገባ

አቅራቢ ሀ፦ አድማጮቻችን፣ ንጹህ ኃይልና ለውጥ አመጣለሁ ብሎ የሚወዳደር የፓርላማ እጩ ብዙ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ጀርመናዊውን የፊዚክስ መምህር ሃንስ ዮሴፍ ፌልን ነው።

አቅራቢ ለ፦ በፈረንጆቹ 1998 ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ የጀርመን ፓርላማ ቡንደስታግ የገባውን?

አቅራቢ ሀ፦ እሱን። ሐመልቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባል ሳለ፣ በ1993፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የገጠመ ነዋሪ ለሚያመነጨው መብራት ወጪውን የሚመልስ ዋጋ እንዲከፈለው ተሟግቶ አስወሰነ።

አቅራቢ ለ፦ ፓርላማም ያንኑ ይዞ ሄደ።

አቅራቢ ሀ፦ አዎ። ከሶሻል ዴሞክራቱ ሄርማን ሼር ጋር የገፉት ሕግ በኤፕሪል 2000 ሥራ ላይ ዋለ። የፀሐይና የነፋስ ኃይል ቅድሚያ አግኝቶ እንዲገዛ አስገደደ፤ ዋጋውም ለ20 ዓመት የተቆረጠ ሆነ። በዚህ ዋስትና ገበሬው ባንክ ሄዶ መበደር ቻለ! ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አቅራቢ ለ፦ ሂሳቡን በተጨማሪ ክፍያ የከፈለው ግን መብራት ተጠቃሚው ነው። ብዙ ኃይል የሚፈጁ ፋብሪካዎች ቅናሽ ሲያገኙ ጡረተኛዋ ሙሉውን ከፈለች። ይሄ ያንገበግበኛል። ምረጡኝ የሚል ሰው ይህንንም አስቀድሞ ይንገረን።

አቅራቢ ሀ፦ እስማማለሁ። ታዳሽ ኃይል ግን በ2000 ከአገሪቱ የመብራት ፍጆታ ከመቶ 6 ገደማ ነበር፤ በ2023 ከግማሽ በላይ ሆኗል።

አቅራቢ ለ፦ እሱን አልክድም። ተጨማሪ ክፍያውም በ2022 ከቤተሰብ ሂሳብ ላይ ተነስቶ መንግሥት እንዲሸፍነው ተደርጓል። በጣም ዘግይቷል እላለሁ።