የመንገድ መሪ ረዳት በወንጪ ተራራ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ተፈጥሮን ለማየት የሚወጡ ሰዎችን ስለ መምራት፥ ይልቁንም የመሪው ረዳት ስለ መሆን ነው። ምሳሌዬ የወንጪ ተራራ ነው፤ በዚያ ለጥቂት ቀናት ከመንገድ መሪዎች ጋር በረዳትነት ተመላልሻለሁና።

ወንጪ ለወለጋ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። ከነቀምቴ ተነሥቶ በባኮ፥ በጌዶና በጉደር አልፎ አምቦ የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሽቅብ ቢወጣ ያገኘዋል። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበረ፤ በሆዱ የነበረው የቀለጠ ዐለት በፈነዳ ጊዜ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ሆነ፤ በዚያም ውሃ ተጠራቅሞ ሐይቁ ተፈጠረ። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ በሸለቆው ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ በዳገቱም ላይ ገበሬዎች ገብስና እንሰት ያለማሉ።

በ2012 ዓ.ም. ወንጪ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ዕቅድ ውስጥ ገባ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሰየመው። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ስም በወጣ ቁጥር የሰው እግር ይበዛል፤ እግር ሲበዛም መሬት ይጎዳል። በጃፓን አገር በፉጂ ተራራ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ፥ ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ዮሺዳ በተባለው መንገድ የሚወጣው ሰው በቀን ከ4,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል። እኛ እዚያ ሳንደርስ ብናስብበት ይሻላል።

እንግዲህ የረዳት ሥራው ምንድን ነው? መሪው ከፊት ይሄዳል፤ ረዳቱ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። ከመነሣቱ በፊት ሰዎቹን ይቈጥራል፤ ባረፉበትም ስፍራ ሁሉ ደግሞ ይቈጥራል። ፈረስ በጠባብ መንገድ ሲመጣ እግረኞቹን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ያስጠጋል። በሌላ ተራራ ሰው በጉልበቱ ሳለ ይወጣል፥ ደክሞት ይወርዳል፤ በወንጪ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ እየተሳቀ ይወረዳል፥ ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለሱ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ረዳቱ የሰውን ኀይል የሚመዝነው ሲወርድ ሳይሆን መመለሻውን አስቦ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን አቋራጭ መከልከል ነው። መንገዱ ተጠማዝዞ የሚወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሣሩ ይረገጣል፤ መቶ ሰው ሲከተለው ቦይ ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በዚያ ቦይ የገበሬውን አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይከታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ እዚህ ግን የፈሰሰው አፈር ተመልሶ የሚለቀም አይደለም። ኮሶውም፥ አስታውም፥ ገብሱም በዚያው አፈር የቆሙ ናቸው።

ደግሞም ወንጪ ሰው የሌለበት ዱር አይደለም። ጐብኚው የሚያልፈው በሰው ደጅ ነው። የአገሩ ልጆች መንገድ በመምራት፥ ፈረስ በማከራየትና በጀልባ በማሻገር ይተዳደራሉ። እኛ ተማሪዎች የምንሄደው ልንረዳቸው እንጂ እንጀራቸውን ልንሻማ አይደለም። መሪው የአገሩ ልጅ ይሁን፤ እኛ ከኋላ እንሁን። የወለጋ ልጅ ግን አንድ ስጦታ አለው፤ ኦሮምኛም አማርኛም ይችላል። ገበሬው ስለ ማሳው የሚለውን ከአዲስ አበባ ለመጣው እንግዳ፥ እንግዳውም የሚጠይቀውን ለገበሬው በትሕትና ቢያደርስ፥ መንገደኛው በሰው ማሳ ከመግባት ይጠበቃል፤ ባለ አገሩም ይከበራል።

ይህን ሥራ ለመልመድ እስከ ወንጪ መሄድ የግድ አይደለም። በነቀምቴ አቅራቢያ የኮምቶ ደን አለልን። ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን በትንሽ በትንሽ ቡድን ከፍለን፥ ዛፉን በኦሮምኛም በአማርኛም ስሙ እየጠራን፥ ከመንገድ ሳናወጣ ወስደን ብንመልሳቸው ትምህርቱ ከዚያ ይጀመራል። የማያውቀውን ዛፍ ስም ከራሱ ፈጥሮ የሚናገር መሪ እንዳይሆን እያንዳንዱ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

ወገኖቼ፥ በፊት የሚሄድ ሰው ይታያል፤ ከኋላ የሚሄደውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ማንም ሳይጠፋ፥ ማሳም ሳይረገጥ ሁሉ በሰላም የሚመለሰው ከኋላ የሚጠብቅ ሲኖር ነው። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለክፍል አለቆቻችሁ እንድታስመዘግቡ እየለመንሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።